የዓሣውን ፓምፕ ሌሊት አታጥፊው፤ ድምፁን ግን ማጥፋት ይቻላል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሳሎን ቡፌ ላይ 60 ሊትር የምትይዝ አኳሪየም አለችን፤ ውስጧ ሁለት ጎልድ ፊሽ አሉ። ኤር ፓምፑ ቀን ብዙም አይሰማም። ሌሊት ግን ቤቱ ሁሉ ወፍጮ ቤት ይመስላል። የ7 ወር ልጅ አለችኝ፣ ትባንናለች። ከታች ያሉት እናትም ጣሪያቸው እንደሚያጓራ ነግረውኛል። ስለዚህ ማታ ማታ ሁሉንም ነቅዬ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ዓሣዎቹን ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው አገኛቸዋለሁ። ውስጥ ያለው ፊልተርም አልፎ አልፎ ይንቀጫቀጫል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከድምፁ በፊት ስለ ዓሣዎቹ ላውራ። ጠዋት አፋቸውን የሚከፍቱት ርቧቸው አይደለም፤ አየር አጥሯቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ፓምፑን አትንቀዪው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳር ባለ አገር 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እኛ ጋ ያው ውሃ 7 እንኳ አይሞላም። ዓሣዎችሽ ከጅምሩ ባነሰ አየር ነው የሚኖሩት ማለት ነው። ውስጥ ተክል ካለ ደግሞ፣ ተክሉ በጨለማ ኦክስጅን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩት፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም መተንፈስ አለባቸው። ፊልተሩን ለ8 ሰዓት ስታጠፊው እነሱም ይታፈናሉ። ጠዋት ስትሰኪው ውስጡ ታፍኖ ያደረው ውሃ ተመልሶ ዓሣዎቹ ላይ ይደፋል።

ንዝረቱም አንቺንና ልጅሽን ብቻ አይደለም የሚረብሸው። ጎልድ ፊሽ ከብዙ ዓሣ በተሻለ የሚሰማ ዓሣ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ከውስጥ ጆሮው ጋር በትንንሽ አጥንቶች ተያይዟል። መስተዋቱ ሲርገበገብ ይሰማዋል። ስለዚህ ይሄን ድምፅ ማብረድ ለእነሱም ውለታ ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቂ ምንም ነገር አትግዢ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አዲስ ፓምፕ መግዛት ነው። አዲሱም ቡፌው ላይ ሲቀመጥ ያጓራል። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ፓምፑ ሳይሆን የተቀመጠበት ዕቃ ስለሆነ ነው።

የኤር ፓምፕ ሆድ ዕቃ ቀላል ነው። አንድ ጥቅል ሽቦ አለ። ከፊቱ ማግኔት የተለጠፈበት ትንሽ ክንድ አለ። ክንዱ እንደ ሳንባ የምትነፋና የምትሟሽሽ ላስቲክ ይገፋል፤ ዲያፍራም ይሏታል። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ክንዱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። ይሄ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። በአየር ከሚሄደው ይልቅ በዕቃ ውስጥ የሚሄደው ይበልጣል። ከፓምፑ እግር ወደ ቡፌው፣ ከቡፌው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ሶሌታው ይወርዳል። የቺፑድ ቡፌ ውስጡ ክፍት ነው፣ ጀርባው ስስ ነው። ከበሮ ማለት ነው። ከታች ያሉት እናት የሚሰሙት ያንን ከበሮ ነው።

ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ነገር ሞክሪ። እጅሽን አድርቂና ፓምፑን እየሠራ ከነቱቦው አንሺው። መዳፍሽ ላይ ይቀመጥ፤ ቡፌውንም ግድግዳውንም አያስነካ። ድምፁ ወዲያው ከበረደ ችግሩ የቡፌው ነው። እጅሽ ላይ ሆኖም ያንኑ ያህል ከጮኸ ችግሩ ውስጡ ነው። ቀጥለሽ የአረፋ ድንጋዩን፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ሆኖ አየሩን ወደ አረፋ የሚበትነውን፣ ከውሃ አውጪና ከቱቦው ንቀዪው። አየሩ በነፃ ሲወጣ ድምፁ ከቀነሰ ድንጋዩ ተደፍኗል። ይቺ የሁለት ደቂቃ ሙከራ ብዙ ብር ታድናለች።

አንድ ጊዜ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ከፓምፑ ጋር አንድ ሰዓት ታገልኩ። ፈታሁት፣ ጠረግኩት፣ ከሥሩ ስፖንጅ አደረግኩለት። ያቺ ቀጭን የ«ዝዝዝ» ድምፅ ግን አልጠፋ አለች። በመጨረሻ ጆሮዬን ቡፌው መስተዋት ላይ ለጠፍኩ። የቡና ሲኒዎች ናቸው! ስድስት ሲኒ እርስ በርስ ተነካክተው ተደርድረዋል። ፓምፑ ቡፌውን ሲያንቀጠቅጥ እነሱ ይንጫጫሉ። እመቤቲቱ በጣት ክፍተት አራራቋቸው፤ ድምፁ በግማሽ ወደቀ። ያንቺም ቡፌ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ሲኒውን፣ ብርጭቆውን፣ የፎቶ ፍሬሙንና የአኳሪየሙን ክዳን አንድ በአንድ በጣትሽ ተጫኚ። ተጭነሽው ድምፁ የሚቆመው እሱ ነው።

የእጅ ሙከራው ቡፌውን ካመለከተሽ መፍትሔው ስፖንጅና ሴራሚክ ነው። ብዙዎች ስፖንጅ ብቻ ከሥሩ ያደርጉና «ለውጥ የለውም» ይላሉ። ምክንያት አለው። ባዶ አይሱዙ ኮረኮንች ላይ እንዴት እንደሚዘል ታውቂያለሽ። ሲጫን ግን ይለሰልሳል። ባሌስትራው ሥራውን የሚሠራው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ትንሽ ኤር ፓምፕ ደግሞ በጣም ቀላል ስለሆነች ስፖንጁን አትጫነውም፤ ላዩ ላይ ትዘላለች። ስለዚህ ጫኚላት። ከአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ውሰጂ። ከላዩ የወለል ሴራሚክ ስባሪ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊ። ፓምፑን ከድንጋዩ በላይ አስቀምጪ። ስፖንጁ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ወለል እስኪደርስ ከተጨፈለቀ ድንጋዩ ከብዷል ወይም ስፖንጁ ሞቷል። በጣትሽ ገፋ ስታደርጊው ቀስ ብሎ መወዛወዝ አለበት። እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ፓምፕ ቡፌውን ጨርሶ አያገኘውም ማለት ይቻላል።

ስፖንጅ ካጣሽ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶልም ይሠራል፤ ግን ጠንከር ስለሚል እንደ ስፖንጁ አይሆንም። እኔ ከሁሉ የምወደው ማንጠልጠል ነው። ከብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ቀጭን ቁራጭ ቁረጪ። ፓምፑን በእነሱ አቅፈሽ ከምስማር ላይ አንጠልጥዪው፤ ምንም ነገር አያስነካ። ያረጀ ከመነዳሪ ጎማ ቤት ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጡሻል። ብቻ ላስቲኩ በየጊዜው ይሰነጠቃልና በየሁለት ወሩ እዪው።

ፓምፑን በፎጣ ወይም በብርድ ልብስ አትጠቅልዪው፤ መሳቢያ ውስጥም አትዝጊበት። ይሄን የምለው አድርጌው ስላየሁ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ድምፁ አስመርሯቸው ፓምፑን በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁላቸው። ለሳምንት ያህል ደስ አላቸው። ከዚያ ጥቅል ሽቦው ግሎ ተቃጠለ፤ ፎጣው ጠቆረ። ሌሊት ስለሆነ ማንም አላየም፤ ጠዋት ሦስት ዓሣ ሞቶ ተገኘ። ቤቱ ስላልተቃጠለ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ፓምፕ አየር የሚስበውም የሚበርደውም ዙሪያው ክፍት ሲሆን ነው።

ቱቦውም ድምፅ ይሸከማል። እያንዳንዱ የላስቲኩ ግፊት በቱቦው ውስጥ እንደ ልብ ምት ይሄዳል። ቱቦው ደረቅ ሆኖ የአኳሪየሙን መስተዋት ከነካ መስተዋቱ ይርገበገባል። ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ይሻላል። መስተዋቱን በሚያልፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ስፖንጅ አልብሺው። አንዳንዱ ሰው የጉሉኮስ ቱቦ ይጠቀማል፤ ይሠራል፣ ግን ውስጡ ጠበብ ስለሚል ፓምፑን ያስጨንቀዋል። ቤትሽ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ፓምፑን ኩሽና ወይም ዝናብ የማያገኘው የበረንዳ ጥግ ላይ አድርገሽ ቱቦውን ወደ ሳሎን ሳቢው። ሦስት አራት ሜትር ቱቦ ብዙ አየር አያስቀርብሽም። ልጅ ለተኛበት ቤት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

እዚህ ላይ መብራት መጥፋቱን አንርሳ። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ከውሃው በታች የተቀመጠ ፓምፕ በውሃ ይሞላል፤ ቡፌሽም ይጠጣል። ቱቦው መሐል ላይ ቼክ ቫልቭ የምትባል ትንሽ ዕቃ አድርጊ። ውሃ ወደኋላ አታሳልፍም። ላይዋ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ አኳሪየሙ ይይ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከሶኬቱ በታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል። ያኔ ውሃ ቢንጠባጠብበት ወደ ሶኬቱ አይሄድም።

ድንጋዩ ተደፍኖ ከሆነ ቀይሪው፤ ርካሽ ነው። ለጊዜው ግን አቼቶ ውስጥ አሳድረሽ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አጥበሽ መመለስ ትችያለሽ። በተለይ የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ነጭ ኖራ ቶሎ ይይዛቸዋል፤ አቼቶ ያንን ይበላዋል። በተደፈነ ድንጋይ የሚሠራ ፓምፕ በገለባ ሽሮ እንደመጠጣት ነው፤ ይታገላል፣ ይጮኻል፣ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። አየሩ በዛ ብለሽም የቱቦውን አፍ አትጥበቢው። ቲ የምትመስለውን መገናኛ ከቫልቭ ጋር ገዝተሽ ትርፉን አየር ወደ ውጭ ልቀቂው። የአረፋው መፈንዳት ራሱ የሚረብሽሽ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩን ትተሽ በአየር የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር አድርጊ። አረፋው በቧንቧው ውስጥ ስለሚወጣ ይለዝባል፤ ውሃውንም ያጣራልሻል።

እጅሽ ላይ ሆኖም የሚጮኸውን ፓምፕ ግን መክፈት ነው። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀዪው። ብዙዎቹ ከሥራቸው በአራት ብሎን የታሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ብሎኑን የጎማ እግሩ ሥር ይደብቁታል። በካቻቢቴ ፍቺው። ሥር ላይ ትንሽ ነጭ የጥጥ ማጣሪያ ታገኛለሽ። የበጋ አቧራ አጥቁሮት ከሆነ አየር መሳብ አቅቶታል ማለት ነው፤ በቀጭን ስፖንጅ ተኪው። ከዚያ ክንዱን እዪ። ማግኔቱ ከሽቦው ብረት ጋር እየተጋጨ ከሆነ ብረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የተላጨ ቦታ ይታያል። «ጠጠጠጠ» የሚለው ኃይለኛ ድምፅ ያ ነው። ክንዱ የተያዘበትን ላላ ያለ ብሎን አጥብቀሽ መሐል ላይ እንዲቆም አድርጊው። ላስቲኩን በጣትሽ ገልበጥ አድርገሽ ብርሃን ላይ ያዢው። ስንጥቅ ካለው ወይም እንደ ደረቀ ቆዳ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። የአንዳንድ ፓምፕ ላስቲክ ለብቻው ይሸጣል፤ ካልተገኘ ያኔ አዲስ ፓምፕ ትገዢያለሽ።

«ቀን ብዙም አይሰማም» ማለትሽ ትክክል ነው። አንደኛው ምክንያት ሌሊት ጸጥታ መኖሩ ነው። ሌላም አለ። ማታ ምጣድና ምድጃ ሲጠፋ በብዙ ሰፈር የመብራቱ ኃይል ከፍ ይላል። ኃይሉ ሲጨምር ክንዱ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፤ ቀን ሳይነካ ያለፈውን ብረት ሌሊት ይነካዋል። ፓምፑ ላይ የምትዞር መቆጣጠሪያ ካለች ከመተኛትሽ በፊት ትንሽ ቀንሺለት። አትዝጊው ብቻ። መብራት ሲጠፋ ከኢንቨርተር የምትጠቀሙ ከሆነም ርካሹ ኢንቨርተር የሚሰጠው ኃይል ሻካራ ስለሆነ ፓምፑ እንደሚንጫጫና እንደሚግል እወቂ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ፓምፕ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ትራንስፎርመር ብታደርጊለትም የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ስለሆነ እንደታሰበለት አይሄድም። እንዲህ ዓይነቱን መልሶ መላክ ወይም ለሚሄድ ሰው መስጠት ይሻላል።

ውስጥ ያለው ፊልተር መንቀጫቀጡ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ቀላል ነው። ነቅለሽ አውጪው። መጀመሪያ የሚለጠፍባቸውን የጎማ ጽዋዎች እዪ። ሲያረጁ ይደርቃሉ፤ ፊልተሩ ዘንበል ብሎ መስተዋቱን ይደገፋል፣ መስተዋቱም አብሮ ይጮኻል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብትከቻቸው ይለሰልሳሉ። ከዚያ ሥሩን ክፈቺ። ትንሽ ሲሊንደር ማግኔት ከነክንፎቹ ይወጣል፤ ኢምፔለር ይባላል። ጉድጓዱ ውስጥ አተላ፣ የአሸዋ ቅንጣት፣ አንዳንዴም የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ። በጥርስ ብሩሽና በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጊው። መሐል ያለችው ቀጭን ዘንግ በብዙዎቹ ሴራሚክ ናት፤ በቀላሉ ትሰበራለች፣ በኃይል አትሳቢያት። ጫፏ ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች እንዳይጠፉብሽ፤ እነሱ ከጠፉ ዘንጓ እየተላተመች ትጮኻለች። የምግብም ሆነ የማሽን ዘይት አታድርጊ፤ ዘይት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አየር ይዘጋል። ስፖንጁን ስታጥቢ ከአኳሪየሙ በወጣ ውሃ እጠቢው፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

መልሰሽ ስታስገቢው ውሃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አዘንብዪው። ትልቅ አረፋ ብቅ ሲል ታያለሽ። «አልፎ አልፎ» የሚንቀጫቀጨው ብዙ ጊዜ ያ የታፈነ አየር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይገባበታል። በበጋ ደግሞ ውሃው ቶሎ ይተናል። የፊልተሩ አናት ከውሃው ወለል ከቀረበ አየር ይስባል። የውሃውን ከፍታ መስተዋቱ ላይ በማርከር አስምሪና ከምልክቱ ሲወርድ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ሙዪው።

ቡፌው ራሱስ? 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው፤ መስተዋቱና አሸዋው ሲጨመር ከ80 ኪሎ ያላነሰ ነገር ነው የተቀመጠበት። ስለዚህ ብቻሽን ለማንቀሳቀስ አትሞክሪ። ውሃውን ለመቀየር ግማሹን በምታወጪበት ቀን፣ ሰው አግዞሽ፣ ከግድግዳው በሦስት ጣት ያህል አርቂው። ከእግሮቹ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አድርጊ። ቡፌው መሐሉ ከጎበጠ ግን ድምፁን ተዪውና አኳሪየሙን ወደ ጠንካራ የብረት ማስቀመጫ አዛውሪ። የጎበጠ ቺፑድ ላይ መስተዋት ይሰነጠቃል።

አዲስ ፓምፕ መግዛት የግድ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አሰኪና አድምጪው። ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እጅሽ ላይ ይዘሽ። ቱቦውንም ውሃ የያዘ ሃይላንድ ውስጥ ክተቺው፤ ፓምፕ ባዶውን ሲነፋና ውሃ ሲገፋ ድምፁ አንድ አይደለም። ከበድ ያለውን፣ እግሩ ወፍራም ለስላሳ ጎማ የሆነውን ምረጪ። ሁለት መውጫ ያለው ትልቅ ፓምፕ ለ60 ሊትር አያስፈልግሽም። ተርፎ የሚገኝ ብር ካለ ግን ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ኤር ፓምፕ ለመብራት መጥፊያ ቀን መያዝ ዓሣ ያድናል።

ቅዳሜ ቀን ሲኒዎቹን፣ ስፖንጁንና ቱቦውን ጨርሺ። የፊልተሩን ጠረጋ እሑድ አድርጊው፤ በአንድ ቀን ሁሉንም ከነካካሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ታች ወርደሽ እናትየዋን አስፈቅጂና ጣሪያቸው ሥር ቆመሽ አድምጪ። አንቺ ሳሎን ሆነሽ የማትሰሚው ከታች ይሰማል። እዚያ ካልተሰማ ልጅሽም ትተኛለች። እዚያ ከተሰማ ስፖንጁ ላይ ያለውን ሴራሚክ በሌላ አንድ ጨምሪና እንደገና ወርደሽ ስሚ።